ካልሲ የሚመረጠው በብርዱ አይደለም

ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ፣ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ዝቋላ የሚወጣው ተጓዥ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ዝግጅቱም አብሮ ተሟልቷል። ጫማው ተጠይቆና ተማክሮ ይገዛል፤ ቦርሳው ይለካል፣ ይመዘናል፤ ጃኬቱ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ይፈተሻል። ካልሲው ግን ጠዋት መሳቢያ ሲከፈት እጅ የገባው ነው። ቢታሰብበት እንኳ የሚታሰበው በአንድ መለኪያ ብቻ ነው፤ ብርድ ከሆነ ወፍራም፣ ሙቀት ከሆነ ስስ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር መለኪያው ራሱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። ለረጅም የእግር ጉዞ የሚሆን ካልሲ መመረጥ ያለበት በእርጥበት ነው። እግሬ የሚርሰው ከየት በመጣ ውሃ ነው? ከራሰ በኋላስ ምን ያህል ቆይቶ ይደርቃል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከተመለሱ የብርድና የሙቀቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ መልስ ያገኛል።

ይህ በተለይ ለእኛ አገር የሚሠራበት ምክንያት አለ። ስለ ተራራ ጉዞ ልብስ የሚነገረው ምክር በብዛት የመጣው ክረምታቸው በረዶ፣ በጋቸው ሐሩር ከሆነ አገሮች ነው። እዚያ የወር ስም ከተጠራ ሙቀቱን መገመት ይቻላል። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባ በጣም ሞቃቱ ወርና በጣም ቀዝቃዛው ወር በአማካይ ሙቀታቸው የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ የአንድ ቀን ቀትርና የዚያው ቀን ሌሊት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊራራቁ ይችላሉ። ከፍታም ይጨመርበት። በ1,000 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአንዲት ጠዋት ከወይና ደጋ ተነሥቶ ውርጭ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኛ ዘንድ ሙቀትን የሚወስነው ከፍታውና ሰዓቱ ነው። ወቅት በእርግጥ የሚቀይረው ሌላ ነገር ነው፤ ውሃውን። ሐምሌና ጥር ለእግር የሚለያዩት በዝናቡ፣ በጭቃውና በጤዛው ነው። «የክረምት ካልሲ ወፍራም፣ የበጋ ካልሲ ስስ» የሚለው ደንብ ከሌላ አየር ንብረት የተወሰደ ስለሆነ እዚህ ሲመጣ ይገለበጣል፤ ወፍራሙ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ አይደርቅም፣ ስሱ ደግሞ በታኅሣሥ ሌሊት ስሜን ላይ አያዋጣም።

ውሃ እግርን የሚጎዳበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው ውሃ መቋጠር ነው። ብዙ ሰው ይህ የሚመጣው ጫማ ቆዳውን ከላይ ሲፍቀው ይመስለዋል። እውነቱ ትንሽ ይለያል። በእያንዳንዱ እርምጃ የእግር አጥንት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የላይኛው ቆዳ ግን ካልሲው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመካከል ያለው የቆዳ ንብርብር ይጓተታል። ጉተታው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ንብርብሩ ከውስጥ ይሰነጠቅና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ቆዳው ካልሲው ላይ ምን ያህል ይጣበቃል የሚለው ነው። ደረቅ ቆዳ ይንሸራተታል፤ ወዝ የያዘ ቆዳ ግን ሙጭጭ ይላል። የእግር መዳፍ ደግሞ እንደ እጅ መዳፍ ሁሉ የላብ ዕጢዎች በጣም ተጠጋግተው ከሚገኙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው፤ በሽፍን ጫማ ውስጥ ያ ሁሉ ላብ መውጫው በካልሲው በኩል ነው። ካልሲው ላቡን ተቀብሎ ካላራቀው ቆዳው ቀኑን ሙሉ በዚያ በሚጣበቅበት ሁኔታ ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳት ብርድ ነው፤ እሱም ቢሆን በውሃ በኩል የሚመጣ ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። ካልሲ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል አየር አቅፎ ስለሚይዝ ነው፤ ያ ቦታ በውሃ ሲያዝ ወፍራሙም ካልሲ ሙቀት ማስወጫ ይሆናል። የዚህ መራራ ምስክር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በፈረንሳይና በቤልጅግ ምሽግ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች እግራቸው የታመመው በረዶ ስለ መታው አልነበረም። ከዜሮ ዲግሪ በላይ በሆነ ብርድ ውስጥ እግራቸው ርሶ ስለ ዋለና ስላደረ ነበር። የጦሩ አለቆች በመጨረሻ ያገኙት መፍትሔ ከወፍራም ካልሲ ይልቅ ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ወታደሩ በየቀኑ ካልሲውን እንዲያወልቅ፣ እግሩን እንዲያደርቅ፣ የዓሣ ነባሪ ዘይት እንዲቀባና ደረቅ ካልሲ እንዲለውጥ በትእዛዝ ተደነገገ። የአንድ ቀን ተጓዥ እዚያ አደጋ ላይ አይደርስም። ይሁን እንጂ በክረምት ሁለትና ሦስት ቀን በደጋ የሚጓዝ ሰው እግሩ ደንዝዞ፣ ነጥቶና ተጨማዶ ሲያይ መንገዱ ወደዚያው የሚወስድ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ወደ ክሩ እንምጣ። ጥጥ የኢትዮጵያ ልብስ ነው፤ ጋቢውም ነጠላውም ከእሱ ነው፤ ስለዚህ ጥጥን ማማት ለብዙ ሰው አይዋጥም። ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ በእርግጥ የሚመቸው የለም። ችግሩ ውሃን እንደ ልቡ ጠጥቶ መያዙ ነው። የራሰ ጥጥ ክር ይለሰልስና ይተኛል፤ አየር ያቅፍበት የነበረው ክፍተት ይዘጋል፤ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ በሽፍን ጫማ ውስጥ ደግሞ የሚደርቅበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። በበረሃ የጥጥ ሸሚዝ ላብን ይዞ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ይወደዳል። ነገር ግን ሸሚዙን ንፋስ ያገኘዋል፤ ካልሲውን አያገኘውም። ፖሊስተር በተቃራኒው ውሃን ወደ ክሩ ውስጥ አያስገባም ለማለት ያስደፍራል፤ በመደበኛ የአየር እርጥበት ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳ አይዝም። ናይሎን 4 በመቶ ያህል ይይዛል፣ ጥንካሬውም የተመሰከረለት ነው። ሁለቱም ቶሎ ይደርቃሉ። ጉድለታቸው ሽታ ነው፤ በተለይ ፖሊስተር የላብን ጠረን ይዞ የማይለቅ ነው።

የበግ ጠጉር፣ ማለትም ሱፍ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ግራ ያጋባል። በዚያው መደበኛ እርጥበት ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ሲይዝ ሱፍ 16 በመቶ ያህል ይይዛል። ታዲያ ከጥጥ የበለጠ ውሃ የሚይዝ ክር እንዴት የተሻለ ይሆናል? መልሱ ያለው ውሃው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ሱፍ ውሃውን በተን መልክ ወደ ክሩ እምብርት ያስገባዋል፤ የክሩ ላይኛ ልባስ ግን ፈሳሽ ውሃን ይገፋል። ስለዚህ ብዙ እርጥበት ይዞም ቆዳን ሲነካ ርጥብ አይመስልም። ተፈጥሯዊ ጥቅልልነቱ ሲርስም ጨርሶ ስለማይተኛ በክሮቹ መካከል አየር ይቀራል። እርጥበትን ሲስብ ደግሞ መጠነኛ ሙቀት ያወጣል። ይህ ለደጋ ሰው አዲስ ግኝት አይደለም፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራውን ባናና በርኖስ የለበሰ እረኛ ጉም አርሶትም ሙቀቱን ጨርሶ አያጣም። የአገራችን በግ ጠጉር ለካልሲ የማይመቸው በሸካራነቱ ነው። የሱፍ ክር ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን ገደማ ሲያልፍ ቆዳን ይወጋል፣ ይቆረቁራል። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዘር ጠጉር አብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ይለሰልሳል፤ የተራራ ካልሲ ሁሉ ሜሪኖ ሜሪኖ የሚለው ለዚህ ነው። ሱፍም እንከን አለው፤ ከፖሊስተር ዘግይቶ ይደርቃል፣ ብቻውን ከሆነ ተረከዙ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ጥሩ የሚባሉት የጉዞ ካልሲዎች ሱፍን ከናይሎንና ከትንሽ ላስቲክ ጋር የሚያዋህዱት ለዚህ ነው።

ጥናቱ ምን ይላል? እዚህ ላይ ለክርክሬ የሚመቸውን ብቻ መርጦ ማቅረብ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሄሪንግና ሪቺ የተባሉ አሜሪካውያን የእግር ሐኪሞች ረጅም ርቀት የሚሮጡ 35 ሰዎችን ይዘው የጥጥን ካልሲ ከአክሪሊክ ካልሲ ጋር አወዳደሩ፤ ሯጩም መርማሪውም የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ጥጥ ያጠለቁት ብዙና ትልልቅ ውሃ ቋጠሩ። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ክር ብቻ ነው ወሳኙ ማለት ይቻል ነበር። እነዚሁ ሰዎች ግን በ1993 በሌላ ዓይነት ካልሲ፣ ማለትም መደዳውን በሚሸጥ ተራ አሠራር በተሠራ ካልሲ፣ ሙከራውን ሲደግሙት በጥጡና በአክሪሊኩ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ይህ የመጀመሪያውን ውጤት አይሽረውም፤ ያርመዋል። ክሩ ውሃን የሚያርቀው አሠራሩ መንገድ ሲሰጠው ነው ማለት ነው። ከእግር መዳፍ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ድርብ ንጣፍ ያለው ካልሲ ላቡን ከቆዳው አንሥቶ ወደ ውጭ ለመግፋት ቦታ አለው፣ ጉተታውንም ራሱ ይቀበላል። ስስና ልል የሆነ ካልሲ ከምንም ዓይነት ክር ቢሠራ ይህን አይችልም። ስለዚህ የእሽጉን ጽሑፍ አንብቦ «ሱፍ አለበት» ብሎ መግዛት በቂ አይደለም፤ እጅን ከትቶ ውስጡን መዳሰስ ያስፈልጋል።

ሌላው ማስረጃ ከጦር ሠፈር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የማሪን ምልምል ወታደሮችን በሦስት ከፍሎ ለ12 ሳምንት ተከታተለ። አንዱ ክፍል የተለመደውን የወታደር ካልሲ ብቻ አጠለቀ፤ ሁለተኛው ከዚያ ሥር ስስ የፖሊስተር ካልሲ ጨመረ፤ ሦስተኛው ስሱን ካልሲ ከሥር አድርጎ በላዩ ከሱፍና ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ ካልሲ ደረበ። ስሱን ካልሲ ከሥር ያደረጉት ሁለቱም ክፍሎች ቁስሉ ጠንቶባቸው ወደ ሕክምና የሄዱት ሰዎቻቸው በእጅጉ ያነሱ ሆኑ፤ በጠቅላላ ውሃ መቋጠርን የቀነሰው ግን ሦስተኛው ብቻ ነበር። የሁለት ካልሲ ጥቅሙ ማሞቁ አይደለም። ጉተታው ከቆዳና ከካልሲ መካከል ወጥቶ በካልሲና በካልሲ መካከል እንዲሆን ማድረጉ ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ እርጥበቱን ይረከባል።

አሁን ወደ ወቅቶቹ ብንሄድ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ ይታያል። ክረምትን እንይ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ። በዚህ ጊዜ በደጋ የሚሄድ ሰው እግሩ አይርስም ብሎ ማቀድ የለበትም። ይርሳል። ዝናቡ ባያርሰው የራሰው ሣር፣ ሣሩ ባያርሰው ወንዙ ያርሰዋል። እንግዲያው የሚፈለገው ርሶ የማይከዳ፣ ቶሎም የሚደርቅ ነው፤ መካከለኛ ውፍረት ያለው ሱፍና ናይሎን ድብልቅ፣ ከጫማው አንገት ከፍ ብሎ ቅልጥም የሚደርስ። ቁመቱ ጭቃና ጠጠር እንዳይገባ ይከላከላል፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ሱሪን ካልሲ ውስጥ ከትቶ መሄድ ጉንዳን ከሚያመጣው ጭንቅ ያድናል። በክረምት ከዓይነቱ ይልቅ ብዛቱ ይበልጣል። ሦስት ጥንድ ካልሲ ያለው ሰው፣ አንዱን አጥልቆ፣ አንዱን ጨምቆ አስጥቶ፣ አንዱን በፌስታል አሥሮ ለመኝታ ብቻ ያስቀመጠ፣ አንድ ውድ ካልሲ ብቻ ካለው ሰው የተሻለ ሌሊት ያድራል። የመኝታው ካልሲ በምንም ምክንያት ለመንገድ አይወጣም። ጠዋት የራሰውን መልሶ ማጥለቅ እንደሚያንገፈግፍ የታወቀ ነው፤ ግን ደረቁን አጥልቆ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማራስ ማለት ለማታው ምንም አለማስቀረት ነው።

በጋ በደጋ የተለየ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልለት ብርድ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስሜን ተራሮች ላይ ከ3,600 ሜትር ከፍ ባለው ጨነቅ ሠፍሮ ወደ ራስ ዳሽን የሚሄድ፣ ወይም ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቲ አምባ የሚያቋርጥ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ወፍራም ካልሲ ነው። በዚህ ጊዜ ውሃው የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ ቀን ዳገት ሲወጣ እግሩ ያልበዋል። ወፍራም ካልሲ አጥልቆ ቀትር ላይ ካላበው፣ ያው ላብ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርድ ሆኖ ይመለስበታል። ስለዚህ ቀን መካከለኛውን አጥልቆ መሄድ፣ ሠፈር እንደደረሱ ሻይ ከመጠጣትም በፊት ማውለቅ፣ እግርን አድርቆ ወፍራሙን ማጥለቅ ነው የሚያዋጣው። ወፍራም ካልሲ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ለሚራመድ ሰው እግሩ ራሱ ምድጃ ነው። ማለዳ ላይ ደግሞ የመንዝ ጓሳን የመሰለ ሣራም ቦታ ዝናብ ሳይኖር በጤዛ ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያረሰርሳል፤ ያን ጊዜ ጤዛው እስኪነሣ በትላንቱ ካልሲ ሄዶ ኋላ መለወጥ ብልኅነት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር በዝቅተኛው ደጋ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጨጎጎት። ጠጉራም ወለል ያለው የሱፍ ካልሲ ዘሩን ይሰበስባል፤ ሌት ሲለቅሙት ማደር ነው። እዚያ ላይ ለስለስ ያለ ወለል ያለው የናይሎን ካልሲ ወይም ረጅም ሱሪ ይሻላል።

ቆላው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ወደ ኤርታሌ የሚሄዱ ሰዎችም ሙቀቱን ሸሽተው በሌሊት ይጓዛሉ። ውሃው በሙሉ ላብ ነው፣ አሸዋው ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስስ፣ ጠበቅ ያለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ካልሲ አጥልቆ እኩለ መንገድ ላይ አውልቆ ማራገፍና መለወጥ ነው። በልግ ላይ አልቆይም፤ ዝናቡ ስለሚያታልል ለክረምት የተባለውን መያዝ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ተቃውሞ ግን የጀግና ስም ይዞ ይመጣል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ? እረኛውስ፣ በስሜን የመንገድ ጠባቂውስ በኮንጎ ጫማ ያለ ካልሲ ተራራ ይወጣ የለም ወይ? ይወጣል። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ባዶ እግርና ክፍት ጫማ ላብን አያፍኑም፤ ውሃ ቢገባም ይወጣል፤ ቆዳውም በዓመታት ጠንክሯል። ካልሲ የሚያስፈልገው ሽፍን ጫማ ስላለ ነው፤ ሽፍን ጫማ የፈጠረውን ችግር ለመፍታት የሚጠለቅ ነገር ነው። አበበም ቢሆን ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው በብዙ ታሪኮቹ እንደተጻፈው የተገኘው አዲስ ጫማ ስላልተስማማውና እግሩን ስለ ላጠው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት ሮም ላይ ያስመዘገበውን ሰዓት በሦስት ደቂቃ ያህል አሻሻለው። ካልሲው አሳጠረለት ማለቴ አይደለም። ባዶ እግር የእሱ እምነት እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል ነው። ደግሞም በቆላና በወንዝ ዳር ጉዞ በሚገባ የተላመዱት ሰንደል ጫማ ያለ ካልሲ ከሁሉ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። በከተማ እግሩ ለስልሶ ያደገ ሰው ግን የእረኛውን እግር በአንድ ቅዳሜ ማግኘት አይችልም።

«ጫማዬ ውሃ አያስገባም» የሚለውም ተደጋግሞ ይሰማል። ውሃ የማያስገባ ልባስ ያለው ጫማ ለአጭር ዝናብና ለጤዛ በእርግጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ውሃ በሱሪ ጫፍ ወርዶ በአንገቱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ያው ልባስ አያስወጣውም። ከውስጥ የሚመነጨውን ላብም ቢሆን እንደ ተራ ጨርቅ አያሳልፍም። እንዲህ ያለ ጫማ ያለው ሰው ስለ ካልሲው ይበልጥ እንጂ ያነሰ ማሰብ አይችልም። ውሃ የማያስገባ ካልሲ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ቀዝቃዛ ወንዝ ደጋግሞ ለሚያቋርጥ ሰው ደግ ነው፣ ለሙሉ ቀን ዳገት ግን እግርን በራሱ ላብ ይቀቅላል።

የዋጋው ነገር ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው። ከውጭ የሚመጣ የሜሪኖ ካልሲ ለብዙ ሰው ቅንጦት ነው፤ ሦስት ጥንድ ሲባል ደግሞ አይታሰብም። ክርክሩ ስለ እርጥበት እንጂ ስለ ሜሪኖ ስላልሆነ ግን ርካሽ መንገድ አለ። ረጅሙ የኳስ ካልሲ በብዛት የሚሠራው ከናይሎንና ከፖሊስተር ነው፤ በየገበያው ይገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቅልጥም ድረስ ይሸፍናል። ከሥሩ ስስ የናይሎን የቢሮ ካልሲ ቢጨመርበት የማሪን ምልምሎቹ ጥናት የሚለው ሁለት ንብርብር ይሆናል። ሰልባጅ ተራ ውስጥም የሱፍ ካልሲ ሊገኝ ይችላል፤ ምልክቱ ቢጠፋ እንኳ በክብሪት ይለያል። ከአፉ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ፣ በሽቦ ይዞ መለኮስ ነው። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተ፣ እሳቱ ከራቀም ወዲያው ከጠፋና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ነድዶ፣ ወረቀት ሸትቶ ብን ያለ አመድ ከተወ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ሲል ደግሞ ሁለት ጥንድ የተራራ ካልሲ ማለት ለሻንጣው የሚቀልል፣ ለተቀባይዋም ለዓመታት የሚያገለግል መልስ ነው። እንጦጦ ላይ በጥር ለሁለት ሰዓት ለሚንሸራሸር ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ያለውን የጥጥ ካልሲ አጥልቆ ይሂድ፣ ላቡ ሳይበረታ ይመለሳል።

በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ወገኖቻችን እውነተኛ በረዶ ስለሚገጥማቸው ጉዳዩ ይለወጣል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ጥቂት ይለወጣል። እዚያ ወፍራም ሱፍ ቦታው ነው። ሆኖም ብርዱ ሲበረታ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደራርቦ በዚያው ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጫማው ይጠባል፣ የሚያሞቀው አየር ይጨፈለቃል፣ ደሙም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ እግሩ በሁለት ካልሲ ውስጥ ከአንዱ ይበልጥ ይበርዳል። ደርቦ የሚሄድ ሰው ጫማውን ያንኑ ድርብ አጥልቆ መግዛት አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኅዳር እስከ የካቲት ወደ ሐጀር ተራሮች ለሚወጡትና የእስራኤልን አገር አቋራጭ መንገድ በኔጌቭ በኩል ለሚሄዱት ደግሞ የቆላው ደንብ እንዳለ ይሠራል።

አገር ቤት ለሚጓዝ ሰው አንድ ነገር ይጨመር። የእኛ ተራራ ጉዞ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያልቃል፤ ጫማ ይወልቃል። በገርዓልታ አቡነ የማታ ጉሕ የሚወጣ ሰው ገደሉ ሥር ጫማውን ያወልቃል። ካልሲውንም ማውለቅ አለበት፤ የሹራብ ጨርቅ በተላገ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ እዚያ ላይ መንሸራተት ቀልድ አይደለም። በሌላው ሥፍራ ምንጣፍ ላይ በካልሲ መቆም የተለመደ ስለሆነ ግን የፖሊስተሩ ጠረን ከጎን ለሚቆመው ምእመን ፈተና ነው፤ የሱፍ ካልሲ ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ልኩን በተመለከተ፣ የካልሲው የተረከዝ ኪስ በትክክል ተረከዝ ላይ መዋል አለበት። ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል፣ ተሸብሽቦ ያቆስላል፤ ወደ ታች ከወረደ ጠብቧል፣ ጣቶችን ይጎትታል። የጣቱ ስፌት ጉብ ያለ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ጥፍርን ይበላል፤ በጣት ዳስሶ የማይሰማ ስፌት ያለውን መምረጥ ነው። ጫማ የሚለካው የጉዞው ካልሲ ተጠልቆ፣ እግር ካበጠ በኋላ ከሰዓት በኋላ ነው። በመንገድ ላይ አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር ውሃ እስኪቋጥር መጠበቅ የለም፤ ቁጭ ብሎ ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ ፕላስተር መለጠፍና ካልሲ መለወጥ ነው። ሱፍ በበረኪና አይታጠብም፤ በረኪና ሱፍን ያቀልጠዋል። ፍል ውሃ ያጨማትረዋል። ሠፈር እሳት ዳር ማስጣትም ናይሎኑን ያቀልጣል፤ ቀን ቦርሳ ላይ አንጠልጥሎ በፀሐይና በንፋስ ማድረቅ ይበቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ እጅን ከትቶ ተረከዙን ወደ ብርሃን ማሳየት ነው፤ ብርሃን ካሳለፈ ንጣፉ አልቋል፣ ለቤት ይሁን።